«ትበላለች እኮ»፦ በካንሰር ሕክምና ላይ የነበሩ የ71 ዓመት እናት ክብደት እንዴት ወረደ፣ እንዴትስ ቆመ

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

አንድ አዛውንት ካንሰር ይዟቸው ሲከሱ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «በሽታው ነው» ይላል። አንዳንዴ ባለሙያውም እንደዚያው ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፣ ካንሰር በራሱ ያከሳል። ሰውነት ውስጥ ብግነት ያስነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጡንቻ ይጨርሳል። ግን ከክሳቱ ውስጥ ሊታከም የሚችል ድርሻ አለ። ያ ድርሻ ካልተፈለገ አይገኝም። ካልተገኘ ደግሞ ሰውየው ሕክምናውን የሚሸከምበት አቅም ያጣል፤ ኬሞው (ካንሰርን የሚገድለው መድኃኒት) ይዘለላል፣ ጨረሩ ይቋረጣል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የምሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አዛውንቶችን ከምግብ የሚያርቋቸው ነገሮች ሁሉ አንድ ሰው ላይ ተሰብስበው ስላየሁ ነው። ታካሚዋና ልጃቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውን፣ የሚኖሩበትን ከተማና ሆስፒታሉን አልጠቅስም።

ታካሚዋ

የ71 ዓመት እናት ናቸው። አርሲ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። እርሻውን ወንድ ልጃቸው ይዞታል። ለሕክምና ሲመጡ ያረፉት አዲስ አበባ ያለችው ሴት ልጃቸው ጋ ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው እንጀራ ሲውጡ ደረታቸው ላይ ቆም እያለ ነው። በውሃ ያወርዱት ነበር። ከዚያ እንጀራውን ትተው ፍርፍር ያዙ። ፍርፍሩም እምቢ ሲል ገንፎ፣ ገንፎውም ሲያስቸግር አጥሚት። መጀመሪያ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ነው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ቧንቧውን ከውስጥ ማየት፣ የታዘዘላቸው። ናሙናው የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑን አሳየ። የቧንቧው መካከለኛ ክፍል ላይ ነበር። ወደ ሌላ አካል አልተሰራጨም።

ይህ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ገንፎና ሻይ በጣም ትኩስ ሆኖ መበላቱና መጠጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው አስታውቋል። እኚህ እናትም ገንፎ ሲበላ እሳት እሳት ካላለ ገንፎ አይደለም ብለው ያደጉ ናቸው።

ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ይከብዳቸዋል ብለው ጨረርና ኬሞን አንድ ላይ መረጡ። ጨረሩ በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው 28 ጊዜ ነው። ከጎኑ በየሳምንቱ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል የሚባሉ ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች አሉ። ጨረሩ ተራ እስኪደርሳቸው ሁለት ሳምንት ነበራቸው። እኛ ጋ የተላኩት በዚያ መሀል ነው፤ ይህም ትልቅ ዕድል ነበር።

ሚዛኑ ያሳየው

ክብደታቸው 47 ኪሎ ነበር። ቁመታቸው 1.56 ሜትር። ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ «ቀጭን ሴት ናቸው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ወሬውን የቀየረው ልጃቸው በፌስታል ይዛው የመጣችው የድሮ የጤና ጣቢያ ካርድ ነው። ከስድስት ወር በፊት ለደም ግፊት ሲታዩ 58 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ በስድስት ወር 11 ኪሎ ወርዷል ማለት ነው። ከነበራቸው ክብደት 19 በመቶው ሄዷል።

በስድስት ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ ከባድ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸውም 19.3 ሆነ። ለወጣት ሰው ይህ ቁጥር ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል። ዕድሜው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ግን ከ22 በታች ዝቅተኛ ነው።

የአረጋውያንን የምግብ እጥረት ለመለየት የተዘጋጀውን አጭሩን የኤም ኤን ኤ መጠይቅ ሞላንላቸው። ስድስት ጥያቄ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከ14 ነጥብ 12 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ከ8 እስከ 11 ስጋት አለ ማለት ነው። 7 እና ከዚያ በታች የምግብ እጥረት ነው። እሳቸው 4 አገኙ። የባታቸው ዙሪያ 28 ሴንቲ ሜትር ነበር። በዚህ ዕድሜ ከ31 በታች ከሆነ ጡንቻ መመናመኑን ይጠቁማል።

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «እማዬ ትበላለች እኮ!» አለች። አልዋሸችም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። እናት ቀርበው ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ያጎርሳሉ። ትሪው ባዶ ሆኖ ይነሳል። ማን ስንት እንደበላ ማንም አያውቅም። አብሮ መብላት የምወደው ባህላችን ነው፤ የታመመ ሰው ግን ሳይበላ የበላ መስሎ ሊቀር የሚችለው እዚያው ላይ ነው።

ያለፈውን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በስኒና በማንኪያ ቆጠርነው። ሻይ፣ ጥቂት የተነከረ ዳቦ፣ በውሃ የተሠራ አንድ ኩባያ የአጃ አጥሚት፣ ማታ ጥቂት ማንኪያ ቀጭን ሽሮ። ሲደመር 550 ካሎሪ አካባቢ ሆነ። ፕሮቲኑ ከ15 ግራም አይበልጥም። በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ለአንድ ኪሎ ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም። ለእሳቸው ሲሰላ ወደ 1,400 ካሎሪና ከ55 እስከ 70 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ከሚያስፈልጋቸው ግማሹን እንኳ አያገኙም ነበር።

ለምን አይበሉም?

ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቧንቧው ጠቧል። ግን ቧንቧው ፈሳሽ ያሳልፋል። ወፍራም ያልሆነ፣ ኃይል ያለው ፈሳሽ ማግኘት ይችሉ ነበር። እና ለምን አላገኙም? እዚህ ጋ ሰፊ ጊዜ ወስደን ተነጋገርን።

ጊዜው የሁዳዴ መግቢያ ነበር። እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም። «በሕይወቴ አንድም ሁዳዴ ገድፌ አላውቅም። አሁን እግዚአብሔርን አብዝቼ በምፈልግበት ሰዓት ልግደፍ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም።

ስኳርም ተከልክለው ነበር። ጎረቤት «ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ብሎ ነግሯቸዋል። ስለዚህ አጥሚቱ ያለ ስኳር፣ ያለ ዘይት፣ በውሃ ብቻ ነበር የሚሠራው። ይህን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ስኳርን ማንኛውም የሰውነት ሕዋስ ይጠቀምበታል። ሰው ስኳር አቁሞ በቂ ምግብም ካላገኘ ጡንቻው እየፈረሰ ጉበቱ ከዚያ ስኳር ይሠራል። የሚጎዳው ካንሰሩ ሳይሆን ጡንቻው ነው። እሳቸው የስኳር በሽታ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ክልከላው ከጉዳት በቀር የሚሰጣቸው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት ሀፍረት ነው። ሲበሉ ያንቃቸዋል፣ አክታ መሰል ነገር ይመለሳል። በሰው ፊት መትፋት ሞት ሆኖባቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ይህን የነገሩኝ ልጃቸው ወደ ፋርማሲ ስትወጣ ነው።

ከዚያ በተረፈ የሕመም ማስታገሻው ሆድ ድርቀት አምጥቶባቸው ነበር። ሆዱ የደረቀ ሰው አይርበውም። ጥርሳቸውም ተጓድሏል። ገንዘብ ግን የመጀመሪያው ችግር አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ምግብ ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቶሎ አለማጥገብ ነው። ይህ ሰውን ይገርማል። ብዙ ክብደት የቀነሰና ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሕዋሳት ገብቶ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ልብን እስከማቆም ይደርሳል። እሳቸው በስድስት ወር ከ15 በመቶ በላይ ስለቀነሱ ስጋቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ምግቡን ከማሳደጋችን በፊት ቫይታሚን ቢ1 ተጀመረ። ደማቸው ተመረመረ። ከዚያ በ10 ካሎሪ በኪሎ ጀምረን ሳምንት ገደማ ወስደን ከፍ አደረግነው።

ከዚያ አጥሚቱን ቀየርነው። በአንድ ኩባያ፣ ማለትም 300 ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ 30 ግራም የአጃ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከቤት የተፈጨ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ገባ። በውሃ የተሠራው አጥሚት ከ150 ካሎሪ አይበልጥም ነበር። ይኼኛው 450 ገደማ ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን አለው። ሁሉም ጾም ነው። ኩባያው አልጨመረም፤ ውስጡ ያለው ነው የጨመረው። ሽሮውም ቀጠን ብሎ፣ ዘይቱ በርከት ብሎ፣ በወንፊት አልፎ ይሰጣቸው ጀመር። በርበሬ ቀረ። ሁሉም ነገር ለብ ብሎ ብቻ።

ምግቡ ከትሪው ወጣ። እናት የራሳቸው ኩባያ ተሰጣቸው። ከሌሎቹ ቀደም ብለው ይጠጣሉ፤ ከዚያ ማዕድ ሲቀርብ አብረው ይቀመጣሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ይጫወታሉ። ማንም «ብዪ እንጂ» አይላቸውም። ልጃቸው አንድ ደብተር ገዛች። የተጠጣውን እያንዳንዱን ኩባያ፣ የቀረውንም ጭምር ትጽፋለች። ያ ደብተር በኋላ ከማንኛውም ላብራቶሪ ውጤት በላይ ጠቀመን።

ማስታገሻው ሞርፊን ሽሮፕ ሆኖ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲወሰድ ተደረገ። ከሱ ጋር የሆድ ማለስለሻ ታዘዘ። ሆዳቸው በወጣ በነጋታው የጠጡት መጠን ጨመረ፤ ደብተሩ ላይ ይታያል።

የመድኃኒት ባለሙያው ያየውን አንድ ነገርም ልጨምር። የካርቦፕላቲን መጠን የሚሰላው በኩላሊት ሥራ ነው። የኩላሊት ሥራ ደግሞ የሚገመተው ደም ውስጥ ባለው፣ ክሬያቲኒን በተባለ የሰውነት ተረፈ ምርት ነው። ክሬያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ጡንቻው ያለቀ አዛውንት ክሬያቲኒኑ ዝቅ ስለሚል ኩላሊቱ ከእውነቱ በላይ ጤነኛ መስሎ ይታያል። በዚያ ቁጥር ከተሰላ መጠኑ ይበዛል። ባለሙያው ይህን አንስቶ ከሐኪሙ ጋር መጠኑን አስተካከሉት።

የጾሙ ነገር

ጾሙን ግደፉ ብዬ አላዘዝኩም። ማዘዝም የእኔ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ በጾሙ ውስጥ ሆነን ሞከርነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፣ ከዚያ እስከ መኝታ አራት ኩባያ። ወረቀት ላይ ይበቃል። በተግባር አልሆነም። ሁለተኛው ኩባያ ላይ ይሞላሉ፣ ሦስተኛውን ይመልሱታል። የአዛውንት ሆድ ብዙ ነገር በአንድ ምሽት አይችልም።

ከዚያ ልጃቸው አርሲ ላሉት የንስሐ አባታቸው ደወለች። ስልኩን ለእናት ሰጠቻቸው። አባ እኔንም ጠየቁኝ፤ ሕክምናው ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደከሱ ነገርኳቸው። አባ ብዙ አላመነቱም። ወተቱንና እንቁላሉን እንደ መድኃኒት እንዲወስዱት፣ ሰዓቱንም እንዳይጠብቁ ፈቀዱላቸው። በጾሙ ፈንታ ጸሎት እንዲያበዙ ነገሯቸው። እናት ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለዚህ ጉዳይ አልተከራከሩም። ሥጋ ግን አልፈልግም አሉ፤ እኛም አላስቸገርናቸውም።

ጸበሉም እንደዚያው። ጠዋት በባዶ ሆድ ብዙ ይጠጡ ስለነበር ለምግብ ቦታ አይተርፍም ነበር። በትንሽ ስኒ እንዲሆንና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥሚቱ እንዲከተል ተስማማን።

ቱቦው

ጨረሩ ሲጀመር ክብደታቸው 47 ላይ ቆሞ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 46 ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ጨረሩ ቧንቧውን አቆሰለው። ውሃ እንኳ እንደ እሳት ያቃጥላል አሉ። ደብተሩ ላይ በቀን ሁለት ኩባያ ብቻ ተጽፏል። ሚዛኑ 44.8 አለ።

በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ እንደሚያስፈልግ ነገርናቸው። ልጃቸው አለቀሰች። ከአርሲ የመጣው ወንድሟ «ቱቦ የሚገባው ሊሞት ለደረሰ ሰው ነው» ብሎ ቁርጥ አድርጎ እምቢ አለ። እናት ዝም አሉ። ማስረዳታችን ምንም ለውጥ አላመጣም።

ነገሩን የፈታው ሌላ ታካሚ ነው። ጨረር ክፍሉ በር ላይ አብረዋቸው ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት ከዚህ በፊት ቱቦ ገብቶላቸው የወጣላቸው ናቸው። በልጁ ፊት «ይኸው እኔ፣ አሁን ፍርፍር እበላለሁ» አሉት። በነጋታው ቱቦው በኢንዶስኮፒ እየታየ ገባ።

ቤት የሚሠራው የቱቦ ምግብ ለአንድ ቀን ይህ ነበር፦ አንድ ሊትር የፈላ ወተት፣ ሦስት በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 30 ግራም በውሃ ቀጥኖ የበሰለ የአጃ ዱቄት። በጁስ መፍጫ ይፈጫል፣ በጥሩ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይጠለላል። ወደ 1,600 ካሎሪና 54 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 250 ሚሊ ሊትር። ራሳቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠው ይገባል፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙም። ከምግቡ በፊትና በኋላ በ30 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቱቦው ይታጠባል። የተረፈው ፍሪጅ ይገባል። ውጭ ሁለት ሰዓት የቆየ ይደፋል። ኬሞ የሚወስድ ሰው የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ጥሬ ወተትና ያልበሰለ እንቁላል ፈጽሞ አይሰጥም።

ያልሠራው

ልጃቸው የለውዝ ቅቤ ስንል ሰምታ ከገበያ ፕላምፒ ነት የተባለውን የታሸገ የለውዝ ምግብ ገዝታ መጣች። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ አለው፤ ጥሩ ምግብ ነው። ግን ለእሳቸው በጣም ይጣበቃል፣ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ከዚህም በላይ የተዘጋጀው በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ነው፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ከአንድ ሕፃን አፍ የተነጠቀ ሊሆን ይችላል። ለውዝ ቆልቶ ቤት መፍጨት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከውጭ የሚገባው የአዋቂዎች ዱቄት ወተትም ተሞከረ። ጣሙ ስኳርና ብረት ሆነባቸው። ኬሞ ምላስን እንዲህ ያደርጋል። ቤተሰቡ ቶሎ እንዲያበረታቸው ብሎ ከታዘዘው በላይ አወፍሮ በጠበጠው፤ ተቅማጥ አመጣ። ዋጋውም ከቤተሰቡ ኪስ የወጣ ነው፣ ከባድ ነው። በኋላ በቱቦ፣ በትክክል ተበጥብጦ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ፕሮቲን ለመጨመር ጥቅም ላይ ዋለ።

ሽሮ በቱቦ አልሄደም። ምን ያህል ቢጠለል ደለሉ ይቀራል። ቱቦው ተዘጋ፣ ወጥቶ ሌላ መግባት ነበረበት። ለእናት ይህ ሁለተኛ ሥቃይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥራጥሬ በቱቦ ከለከልን።

አራተኛው ሳምንት ላይ ምግቡ በትክክል እየገባ ሳለ አፋቸው ውስጥ ሕመሙ ጨመረ። ጨረሩ ነው ተባለ። ነርሷ አፋቸውን በባትሪ ስታይ ምላሳቸው ላይ ነጭ ሽፋን አገኘች፤ ፈንገስ ነበር። መድኃኒት ተሰጣቸው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምራቃቸውን መዋጥ ቻሉ። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨውና ሩብ የመጋገሪያ ሶዳ ጨምረው አፋቸውን በቀን ደጋግመው እንዲጉመጠመጡም ተነገራቸው።

ውጤቱ

28ቱንም የጨረር ቀናት ጨረሱ። በመሀል አራት ቀን ተቋርጦ ነበር። ከአምስት ዙር ኬሞ አራቱን ወሰዱ፤ አንዱ ነጭ የደም ሕዋስ ስለወረደ ተዘለለ። ቱቦው ከገባ በኋላ ክብደታቸው መውረዱን አቆመ፤ 44.6፣ ቀጥሎ 45.1፣ ሲጨርሱ 45.5። ሕክምናው ያለቀው ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። በዓሉን የአልጫ ዶሮ መረቅ በማንኪያ ቀምሰው ዋሉ።

ቱቦው የወጣው በአፍ የሚወስዱት ለተከታታይ ቀናት ከሚያስፈልጋቸው አብዛኛውን ሲሸፍን ነው። ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ስለጠበበ አንድ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ሰፋላቸው። ከሦስት ወር በኋላ 49 ኪሎ ነበሩ። ለስላሳ ፍርፍር ይበላሉ። በዚያው ምርመራ ዕጢው በነበረበት ቦታ የሚታይ ነገር አልተገኘም፤ ክትትሉ ይቀጥላል። ይህን ያደረገው ጨረሩና ኬሞው ነው። ምግቡ ያደረገው እስከ መጨረሻው እንዲደርሱ ማገዝ ነው።

ያልተመለሰም አለ። የባታቸው ዙሪያ ዛሬም ከ28 ብዙ አልራቀም። ክብደት ተመለሰ ማለት ጡንቻ ተመለሰ ማለት አይደለም። በቀን ሁለቴ ግቢ ውስጥ እንዲራመዱ፣ ከወንበር ሳይደገፉ ተነስተው እንዲቀመጡ ነግረናቸው ነበር። በሕክምናው ወቅት ድካሙ ስላየለ አልተከናወነም፤ አሁን ነው የጀመሩት። ልጃቸው ደግሞ ለማስታመም ከሥራ ቀርታ ደመወዟ ተቋርጧል። ለዚህ ማንም መልስ አልነበረውም።

ለሌላ ታካሚ የሚያገለግለው

ለካንሰር ሕክምና የመጣ ማንኛውም አዛውንት በመጀመሪያው ቀን ይመዘን። በተመሳሳይ ሚዛን፣ ያለ ጋቢና ያለ ጫማ፣ በየሳምንቱ። የድሮ ካርድ ይፈለግ፤ ከሌለ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደገባ፣ ቀሚሱ ምን ያህል እንደሰፋ ይጠየቅ። እግሩ ወይም ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ላይ ሚዛን ይዋሻል፤ እዚያ ባትና ክንድ ይለካሉ።

ከሁሉ በላይ የምለው፣ «ለምን አይበሉም?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አያበቃም። የእኚህ እናት ምክንያት በየሳምንቱ ተቀይሯል። መጀመሪያ ጥበቱና ጾሙ፣ ከዚያ ድርቀቱ፣ ከዚያ ቁስሉ፣ ከዚያ ፈንገሱ። ባለፈው ሳምንት ምክንያት ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ ፈንገሱን አናየውም ነበር።

የጾም ጉዳይ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይነሳ። ለሙስሊም ታካሚም ረመዳን ከመግባቱ በፊት። ታካሚው የሚያምናቸው አባት ወይም ኢማም በስልክም ቢሆን ይግቡበት። የእኛ ቃል የእነሱን አይተካም። ስለ ቱቦም ሳያስፈልግ በፊት ይነገር። በጭንቅ ሰዓት የሚሰማ ሰው የሞት ወሬ አድርጎ ነው የሚሰማው። የተጠቀመበትን ሰው ማገናኘት ከተቻለ ይገናኝ።

አንዲት ትንሽ ነገርም አለች። ከፓክሊታክስል በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ለአንድ ሁለት ቀን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። እነዚያን ቀናት ለይቶ ማወቅና ምግቡን በነሱ ላይ ማበርታት ይቻላል።

ይህ መንገድ የማይሆንበት ጊዜ

እዚህ የተጻፈው ሕክምናው ወደ ፈውስ ለሚያደርስ ወይም ጊዜ ለሚያስረዝም ሰው ነው። በሽታው ገፍቶ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውስጥ ለገባ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሰውነት ምግቡን አይጠቀምበትም። በግድ ማጉረስ ትንታ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት ብቻ ያመጣል። ቤተሰብ «በረሃብ ገደልናት» ብሎ እንዳይጸጸት ይህን ቀድሞ መንገር የእኛ ግዴታ ነው። አፍ ይረጥባል፣ ከንፈር ይቀባል፣ የሚወዱት ነገር ከፈለጉ በማንኪያ ጫፍ ይቀመሳል። ቱቦ ማስገባት ወይም ማውጣት ያለበት ከካንሰር ሐኪሙ፣ ከቤተሰቡ፣ መናገር ከቻሉም ከራሳቸው ከታማሚው ጋር ተነጋግሮ ነው። የእኚህን እናት ቱቦ ስናስገባም ይህንኑ ለልጆቻቸው ተናግረናል፤ በሽታው ቢገፋ ምን እንደምናደርግ፣ መቼ እንደምናቆም ቀድመው ያውቁ ነበር።